አጥብቄ ስለያዝኳቸው

አማቴን ክንዳቸውን አፈፍ አድርጌ እስከያዝኩበት እስከዚያ ማክሰኞ ረፋድ ድረስ፣ ከበዓል ሰላምታ በቀር ነክቻቸው አላውቅም ነበር። የልጃቸው ሚስት ከሆንኩ ሃያ አንድ ዓመት አልፎኛል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደግሞ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ገበታ እየቀረብን ኖረናል። ነገር ግን እኔ ያደግኩት ምራት የባሏን አባት ፊት ለፊት በማታይበት፣ በስማቸው በማትጠራበት፣ ሲገቡ ብድግ በምትልበት የጎንደር ገጠር ነው። አውሮፕላን ተሳፍሬ ስመጣ ብዙ ነገር ጥዬ መጥቻለሁ፤ ይኼን ግን አልጣልኩትም። እሳቸውም እንድጥለው የፈለጉ አይመስለኝም።

ስሜ ትርንጎ ነው። ያን ጊዜ የአርባ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ በአንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ የከሰዓት ፈረቃ እሠራለሁ። ባሌ አዱኛ እዚያው አካባቢ በሌላ ፋብሪካ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የእሱ ፈረቃ የጠዋት ነው። ይኼን ያደረግነው ሆን ብለን፣ አባቱ ብቻቸውን እንዳይውሉ ብለን ነው። ልጆቻችን አንዷ ውትድርና፣ አንዱ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቤት የምንቀረው እኔና አማቴ ነን።

አማቴ አባ ተገኘ ይባላሉ። እንደ ብዙው ሰው እሳቸውም ወደ እስራኤል የመግባት ፈቃድ ጎንደር ላይ ሆነው ዓመታት ጠብቀዋል። እኛ ስንመጣ የእሳቸው ስም ዝርዝሩ ላይ ሳይገኝ ቀረ። «በሚቀጥለው» ተባሉ። የሚቀጥለው መጣ፣ ሄደ። ባለቤታቸው እዚያው ሲጠብቁ አረፉ። በመጨረሻ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ አንዲት ሻንጣ ይዘው ብቻቸውን መጡ።

ዝምተኛ፣ ንጹሕ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው አውርደው ነው ከክፍላቸው የሚወጡት። በዚህ አገር የበጋ ሙቀት፣ ሰዉ ሁሉ በካናቴራ በሚሄድበት ጊዜ እንኳ እንደዚያው ናቸው። እኔ ክብራቸው ነው እል ነበር። አንዳንዴ ልብስ ሳጥብ እጅጌያቸው ላይ የደረቀ የደም ነጥብ አገኛለሁ። አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆሜ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ሸሚዝዎ ላይ ደም አለ። ምን ነካዎት?»

«ትንኝ ናት ልጄ። ነክሳኝ አክኬው ነው።»

ትንኝ ናት ካሉ ትንኝ ናት። እኔ ማን ሆኜ «እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡ» እላለሁ?

ቤታችን አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ማማድ የሚባለው፣ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ያለው ግድግዳው የጠነከረ መጠለያ ክፍልም የለውም። መጠለያችን ምድር ቤት ነው። የባሌ ታላቅ እህት ዘውዲቱ ግን ካርሜ ጋት፣ አዲሱ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ሊፍቱም ማማዱም አላት። ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድማ ስለመጣች ዕብራይስጧ እንደ አገሬው ነው፤ ቢሮ ትሠራለች። አባቷ ሲመጡ እሷ ዘንድ እንዲሆኑ ፈልጋ ነበር። እሳቸው «ወንድ ልጅ እያለኝ አማች ቤት አልቀመጥም» ብለው እኛ ዘንድ ቀሩ። ዘውዲቱ እሺ አለች። እሺታዋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ አዱኛ ሥራ ገብቷል። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር። አማቴ መታጠቢያ ቤት ገብተው ጢማቸውን እየተላጩ ነው። ቆይተው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቶሎ በወጡልኝ እያልኩ በልቤ አጉረምርሜያለሁ። ይኼን የምነግራችሁ በኋላ ስላስጨነቀኝ ነው።

አዛካው ጮኸ። የሮኬት ማስጠንቀቂያውን ጩኸት እኛም እንደ አገሩ ሰው አዛካ ነው የምንለው። ያለችህ ጊዜ ደቂቃ አትሞላም። በር ከፍተህ ሦስት ፎቅ መውረድ አለብህ።

«አባባ! አባባ ይውጡ!»

በሩን ከፈቱት። ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነው። ከላይ የለበሱት እጅጌ የሌለው ነጭ የውስጥ ካናቴራ ብቻ ነው። እኔን ሲያዩ ደነገጡና ወደኋላ ተመለሱ።

«ሸሚዜን ላድርግ» አሉ።

«ጊዜ የለም አባባ!»

«እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልወጣም።»

ሸሚዛቸው ከበሩ ጀርባ ነው የተሰቀለው። ወደዚያ ዞሩ፤ ሸሚዙ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን አፈፍ አድርጌ ያዝኩና ጎተትኳቸው።

ያን ጊዜ በእጄ ውስጥ የተሰማኝን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ክንዳቸው ባለበት ቆሞ ቆዳቸው ብቻ ከእኔ ጋር የመጣ መሰለኝ። ተንሸራተተ። የሳሙና ውሃ ነው አልኩ። እሳቸው አልጮኹም። «ቀስ» አሉ። «ቀስ በይ ልጄ።»

ቀስ የምልበት ጊዜ አልነበረም። ደረጃውን እየጎተትኳቸው ወረድን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግራቸው አንድ ደረጃ ሳተና ወደፊት ተንገዳገዱ፤ በሌላው እጄ ከብብታቸው ሥር፣ የላይኛውን ክንዳቸውን በአምስት ጣቴ ጨምድጄ አስቀረኋቸው። ባልይዛቸው በጭንቅላታቸው ነበር የሚወርዱት።

የመጠለያው በር ተዘጋ። ከሩቅ አንድ ፍንዳታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። ተርፈናል ብዬ ትንፋሼን ሳወጣ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ሞሮካዊው ጎረቤታችን ወደ እጄ እየጠቆመ ጮኸ።

«ዳም! ዳም!»

ይኼ ቃል አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እጄን አየሁ፤ እስከ አንጓዬ ደም ነው። የእኔ ደም መስሎኝ ቁስሌን ፈለግኩ። ከዚያ የአማቴን ክንድ አየሁ። ከአንጓቸው ከፍ ብሎ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገልጦ ወደ አንድ ጎን ተጠቅልሏል። ሥሩ ቀይ ሥጋ ነው። ደሙ በጣቶቻቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

እሳቸው ደሙን አያዩም ነበር። በደህናው እጃቸው ደረታቸውን ለመሸፈን ይሞክራሉ። ጎረቤት ሴቶች ፊት በውስጥ ካናቴራ መቆማቸው ነው የከበዳቸው። ሻሼን ከራሴ ፈትቼ ትከሻቸው ላይ ጣል ሳደርግ ነው ክንዳቸውን በደንብ ያየሁት። ከትከሻ እስከ እጅ መዳፍ ጀርባ ድረስ በብልዝ የተሞላ ነው። ጥቁር አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ እየለቀቀ ያለ ቢጫና አረንጓዴ አለ። የተደበደበ ሰው ክንድ ነው የሚመስለው።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የእርጅና ነው። ተይው።»

ጎረቤታችን የመድኃኒት ሣጥን አምጥቶ ሰፊ ፕላስተር ቁስሉ ላይ ግጥም አድርጎ ለጠፈው። ደግ ሰው ነው፤ ሊረዳን ነው። ደሙ ግን በፕላስተሩ ጠርዝ እየሾለከ መጣ። ጨርቅ ሰጡኝ፤ ያዝኩበት፤ ጨርቁ ራሰ። ሌላ ሰጡኝ፤ እሱም ራሰ። ከመጠለያው ለመውጣት ገና ደቂቃዎች ይቀራሉ። አጥብቄ እንዳልጫን ፈራሁ፤ ላልቶ እንዳይፈስ ፈራሁ። እጄ ከዚያ በፊት እንዲህ የማይታመን ሆኖብኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን በመኪናው ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው አደረሰን። ነርሷ ልምድ ያላት፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ፕላስተሩን ስታይ ፊቷ ተቀየረ።

«ማነው ይኼን የለጠፈው?»

በውሃ እያራሰች፣ ጥቂት በጥቂት አላቀቀችው። እንዲያም ሆኖ ሲላቀቅ ሌላ ቆዳ ይዞ መጣ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ተነፈሱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለችኝ።

አላወቅኩም። የመድኃኒቱን ነገር የሚከታተለው አዱኛ ነው። ደወልኩለት፤ አያነሳም፤ ፈረቃ ላይ ስልካቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ነርሷ ራሷ ኮምፒዩተሩ ላይ አየችው። ለልባቸው ብለው ዓመት ሙሉ ወስደዋል። አብሬያቸው እየኖርኩ ይኼን አለማወቄን ነርሷ ልብ ስትል አየኋት።

የተጠቀለለውን ቆዳ በእርጥብ ጋዝ እየገፋች ወደ ቦታው መለሰችው፤ የማይጣበቅ ጨርቅ አልብሳ በፋሻ ሸፈነችው። ከዚያ ሻሹን ገለጥ አድርጋ ላይኛውን ክንዳቸውን አየች። ያ ጨምድጄ የያዝኩት ቦታ ጠቁሯል። በአንድ በኩል አራት ጣት፣ በሌላው በኩል አውራ ጣት። ማንም ሰው የእጅ አሻራ መሆኑን ያውቀዋል።

«እኔ ነኝ» አልኩ በተሰባበረ ዕብራይስጤ። «አዛካ ነበር። ሊወድቁ ነበር። ጠንክሬ ያዝኩ።»

«እሺ። እነዚህስ?» ቢጫዎቹን፣ አረንጓዴዎቹን አሳየችኝ። «እነዚህ የዛሬ አይደሉም።»

«አላውቅም።»

«አብረሻቸው አይደለም የምትኖሪው?»

«አብሬ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ዓመት።»

«በሁለት ዓመት ውስጥ ክንዳቸውን አይተሽ አታውቂም?»

አላየሁም። ለምን እንዳላየሁ በአማርኛ ብትጠይቀኝ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ አማቴ ናቸው እላታለሁ፣ ይገባታል። በዕብራይስጥ ግን «የባሌ አባት ናቸው» ብል ምን ማለት ነው? ይባስ ብሎ ያስጠይቀኛል። «አላየሁም» ብቻ አልኩ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና ስልክ አነሣች።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ መጣች። እኛ ኦቬዴት የምንላት ናት፤ ወጣት ነች፣ ለስለስ ብላ ነው የምትናገረው። በስልክ የምታስተረጉም ሴት አገናኘች። እኔን ውጭ እንድጠብቅ ጠየቀችኝ፤ በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ላይ ደም አለ፣ ራሴ ሻሽ የለውም። ሰው ሲያልፍ ያየኛል። ከበሩ ጀርባ ድምፅ ይሰማኛል፤ የሚባለው ግን አይለይም። አንዴ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ፤ አጭር ነበር። ምነው ረዘም አድርገው በተናገሩ እያልኩ ተመኘሁ።

ዘውዲቱ መጣች። ፋይላቸው ላይ የተመዘገበው የእሷ ስልክ ስለሆነ ደውለውላታል። ቀሚሴን አየችው።

«ምን አደረግሻቸው?»

«እትዬ፣ አዛካው ሲጮህ…»

«ምን ሆኑ አላልኩሽም። ምን አደረግሻቸው ነው ያልኩሽ።»

መልሴን ሳትጠብቅ በሩን አንኳኳች፤ አስገቧት። እሷ ስትገባ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። በሩ እንደገና ሲዘጋ ቆሜ ቀረሁ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«'ደረጃ ላይ ወደቅኩ፤ ማንም አልነካኝም' ነው ያሉት።»

«አልወደቁም እትዬ። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። ለነርሷም ነግሬያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይዋሻሉ?» አለች። «አባዬ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም። ለማን ብለው ነው የሚዋሹት? ማንን ፈርተው ነው?»

እኔ ያዝኳቸው ብያለሁ፤ እሳቸው ማንም አልነካኝም ብለዋል፤ ክንዳቸው ላይ ደግሞ ጣት አለ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማስብ አውቃለሁ። እኔን ለማዳን የተናገሩት ቃል ነበር እንደ ገመድ አንገቴ ላይ የገባው።

ለጊዜው፣ ነገሩ እስኪጣራ፣ ዘውዲቱ ዘንድ ይሁኑ ተባለ። ሲወጡ ሻሼ ትከሻቸው ላይ ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ቤቱን ሳንቆልፍ ነው የወጣነው» አሉኝ።

«ሄጄ እቆልፈዋለሁ አባባ።»

ሊፍቱ ተዘጋ።

አዱኛ ማታ ሲገባ እህቱ ሁሉን ነግራዋለች። እኔም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «በጣም አጥብቀሽ ነው የያዝሽው?» አለኝ።

«አጥብቄ።»

«ምን ያህል?»

ክንዱን ያዝኩና በዚያው ልክ ጨመቅኩት። ምናልባትም ከዚያ አብልጬ፣ ምንም እንዳልደብቀው ብዬ። ለቀቅኩት። ሁለታችንም ክንዱን አየነው። ለአፍታ ነጣ ብሎ ወዲያው መልኩ ተመለሰ። ምልክት የለም።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

እጅጌውን አወረደ። «እሺ» አለ። እሺታው ግን አላመነኝም። እውነቱን ላሳየው ብዬ ያደረግኩት ነገር እውነቱን አራቀው።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። አዱኛ ከሥራ ሲወጣ እህቱ ዘንድ ሄዶ አባቱን ጠይቆ ይመጣል። እኔም ልሂድ ስለው «ለጊዜው አትምጪ ብላለች» ይለኛል፤ ሲናገር ጫማውን ያያል። ኦቬዴቷ ደውላ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሁላችሁም ኑ አለች። ቅዳሜ ለሰንበት ምኩራብ ሄድኩ። አንዲት የማውቃት ሴት ሳመችኝና «አባ ተገኘ ደህና ናቸው? ዘውዲቱ ቤት ገቡ አሉ?» አለችኝ። ጥያቄው ምንም አልነበረበትም። እኔ ግን ወሬው ምኩራብ እንደደረሰ ከአጠያየቋ ገባኝ።

ከሁሉ የከፋው ራሴን መጠርጠሬ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን እያጠፍኩ ያችን ደቂቃ አመላልሳታለሁ። ቶሎ በወጡልኝ ብዬ አጉረምርሜ አልነበር? ያ ብስጭት እጄ ውስጥ ኖሮ ይሆን? ሸሚዛቸውን ልስጣቸው ብል ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር? አንድ ጊዜ ብስጭት ነበረበት እላለሁ፤ መልሼ የለም፣ ፍርሃት ብቻ ነበር እላለሁ። የሚፈርድልኝ ሰው አልነበረም፤ ያየን ሰው የለማ።

እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ዘውዲቱ ናት።

«ትርንጎ» አለች። ትንፋሽ አጥሯታል። «ማንም አልነካቸውም።»

«ምን ሆኑ?»

«ማንም አልነካቸውም እልሻለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የዋሉት። ዛሬ ስነሣ የእጃቸው ጀርባ በሙሉ ጠቁሯል። ምን መታዎት ብላቸው ምንም ይሉኛል።» ስታለቅስ ይሰማኛል። «ትናንት ጠዋት ካልሲ ላደርግላቸው ቁርጭምጭሚታቸውን ያዝኩ። በቀስታ። እንደ ሕፃን ነው የያዝኳቸው። አሁን ጣቶቼ አሉበት። ጣቶቼ አሉበት፣ ትርንጎ።»

ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ይኼን ነበር። እንደ ድል ይሰማኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። ያን ጊዜ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። እሷ እንደ ሕፃን ይዛቸው እንዲህ ከሆኑ፣ እንግዲህ እኚህን ሰው ማን ነው የሚይዛቸው?

«እመጣለሁ እትዬ» አልኳት።

ሰኞ ዶክተሯ አማቴን ከላይ እስከ ታች አየች፤ ደማቸውንም አስመረመረች። ከዚያ ለሁላችንም ቀስ ብላ አስረዳች፤ ዘውዲቱ ተረጎመችልን። ሰው ሲያረጅ ቆዳው ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ስብም እየጠፋ ይሄዳል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች መከታ ስለሌላቸው በትንሽ ነገር ይፈነዳሉ፤ ጠረጴዛ ሲነካቸው፣ የወንበር ክንድ ሲጫናቸው፣ ራሳቸው ሲያኩ። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ላይ ያረሰ ሰው ክንድ ደግሞ ይብሳል። ደም የሚያቀጥነው ክኒን ሲጨመርበት ትንሿ ብልዝ ትልቅ ትሆናለች። ክኒኑን ግን በራሳችን እንዳናቋርጥባቸው፣ ለልባቸው የግድ እንደሆነ ደጋግማ ነገረችን።

አዱኛ መሬት መሬት ያይ ነበር። ኦቬዴቷ ፋይሉን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። «መጠየቅ ነበረብኝ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ አሁንም አልቀየማትም። እውነት የሚደበደቡ ሽማግሌዎች አሉ። የእነሱም ክንድ እንደዚህ ነው የሚመስለው፣ እነሱም ወደቅኩ ነው የሚሉት።

ይኼን ስሰማ፣ በቃ አማቴ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብዬ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው እንደሆነ በዓይኔ እፈልግ ነበር። ዶክተሯ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?»

አዱኛ ነገራት። ሊፍት አለው? የለውም። ማማድስ? የለውም።

የቀረው መባል አላስፈለገውም። አዛካው እንደገና ይጮሃል፤ እኔም እንደገና እይዛቸዋለሁ። ዘውዲቱ ቤት ከአልጋቸው ማማዱ አምስት እርምጃ ነው። አዱኛ «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲላቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እንዳላችሁ» አሉ። አማች ቤት አልቀመጥም ያሉት ሰው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ ብቻችንን ሆንን። ዕድሜ ልኬን ያልደፈርኩትን ደፈርኩ። ፊታቸውን እያየሁ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ለምን ወደቅኩ አሉ?»

እጅጌያቸውን ወደ አንጓቸው ሳብ አደረጉ።

«ያች በስልክ የምታወራው ሴትዮ 'ማን ያዘዎት?' አለችኝ። ማን መታዎት ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ስምሽን ከጠራሁ ወረቀት ላይ ይጽፉታል። እኔ ጎንደር ሳለሁ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ምን እንደሚያደርግ፣ ያልተጻፈም ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ ልጄ። ማንንም አልጠራም ብዬ ነው።»

«ክንድዎንስ ለምን ደበቁን?»

«ታመሙ ብላችሁ የሽማግሌ መጦሪያ ብትሰዱኝስ?»

ያ ውሸታቸው ምን እንዳመጣብኝ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባት ቀን እንዴት እንዳደርኩ፣ ባሌ ክንዱን እያየ እንዴት እንዳላመነኝ። ዋጥኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ» ብዬ ተነሣሁ። እስከ ዛሬ ያዳኑኝ ነው የሚመስላቸው።

ይኼ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ከዘውዲቱ ጋር ሰላም ነን፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን አላነሣነውም። ምኩራብ ያችን ጥያቄ የጠየቀችኝ ሴት ነገሩ ምን እንደነበር እንደሰማች አላውቅም፤ እየዞርኩ የምነግረውም አይደለም። አዱኛ አንድ ቀን ምንም ሳንነጋገር «ማመን ነበረብኝ» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ክንዳቸውን እዩ። እኔ አክብሮት ብዬ ያላየሁትን እናንተ አክብራችሁ እዩት። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይወቅ። ስታነሷቸው በጣት አትጨብጡ፤ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ክርናቸውን ከሥር፣ ወገባቸውን ከኋላ ደግፉ። ቆዳቸው ከተቀደደ የሚጣበቅ ፕላስተር አትለጥፉ፤ በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ ይዛችሁ ወደሚያውቅ ሰው ውሰዷቸው። ብልዙ ሲበዛም ዕድሜ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ይየው። ይኼን ሁሉ አሁን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላወቅኩም። በዚያ ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አዛካው እየጮኸ፣ ሸሚዛቸው ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። መዳፌን ዘርግቼ ደግፌ፣ ቀስ ብዬ ሦስት ፎቅ ባወርዳቸው፣ ያች ደቂቃ አትበቃኝም ነበር። አስቤ አስቤ፣ ያው ክንዳቸውን አጥብቄ መያዝ ላይ እደርሳለሁ።